ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጠው ቃል፦ ታካሚ ስለ ሕክምናው እንዴት ሲነገረው ኖረ?



በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ታሪክ የነገሥታት ወይም የጦርነት ታሪክ አይደለም። ታካሚ ከሐኪም ቤት ሲወጣ ከመድኃኒቱ ጋር ስለሚሰጠው ቃል ታሪክ ነው። መድኃኒቱን መቼ ልውሰድ? ምን ልብላ? ቁስሉን በምን ልጠበው? ምን ምልክት ካየሁ ልመለስ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሆነው ቃል በአገራችን ከየት ተነሥቶ፣ በእነማን አፍ አልፎ ወደ ጓዳችን እንደ ደረሰ በአቅሜ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ጉዳዩን የመረጥሁት ለእኛ ለሴቶች በጣም ስለሚቀርበን ነው። በእኛ አካባቢ የታመመው ማንም ይሁን ማን፣ የምታስታምመው በአብዛኛው ሴት ናት። የሕፃኑን ሽሮፕ የምትለካው፣ የአማቷን የደም ግፊት ኪኒን የምታስታውሰው፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የመጣውን ባሏን ቁስል የምትጠብቀው እሷ ናት። ነገር ግን ባለሙያው ስለ መድኃኒቱ በሚናገርበት ሰዓት እሷ ብዙ ጊዜ እዚያ የለችም። ወይ ካርድ ልታወጣ ተሰልፋለች፣ ወይ ልጅ ታዝላ ውጭ ቆማለች፣ ወይ ቤት ቀርታለች። ቃሉ የሚሰጠው ለአንዱ፣ ሥራው የሚሠራው በሌላው ነው። የቆየው ታሪካችን ይህ ክፍተት እንዴት እንደ ተፈጠረና አንዳንድ ጊዜም እንዴት እንደ ተዘጋ ያሳየናል።

ከሐኪም ቤት በፊት

አያቶቻችን ሲታከሙ ያለ ምክር አልነበረም። ኮሶን እንውሰድ። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል የሁሉም ሰው ችግር ስለነበረ፣ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ መጠጣት የተለመደ ነበር። አበባው ደርቆ ይወቀጣል፣ ይበጠበጣል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ትሉ እስኪወጣ ድረስ እህል አይቀመስም። መጠኑ ከበዛ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል፣ ለነፍሰ ጡርም እንደማይሆን ይነገራል። ይህን ሁሉ የምትናገረው የቤቱ እመቤት ነበረች። ማንም ሰው ኮሶ ሲጠጣ ቀድሞ የጠጣ ሰው አጠገቡ ይኖር ስለነበር፣ ምክሩ ከመድኃኒቱ ተለይቶ አያውቅም።

ጠበልም እንዲሁ ነው። በወረዳችን በደራ ወደሚገኘው ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ስንት ቀን እንደሚቆዩ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚገቡ፣ ምን መብላት እንዳለባቸው ለአዲስ መጪዎች የሚነግሯቸው ቀድመው የመጡት ናቸው። መመሪያው የሚተላለፈው ከታካሚ ወደ ታካሚ ነው። የአራስ እንክብካቤም ቢሆን ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልምድ አዋላጅ ወደ ጎረቤት የሚሄድ የሴቶች ዕውቀት ነበር።

በሌላ በኩል የተሰወረ ዕውቀትም ነበር። የመድኃኒት አዋቂው ሥር ቅጠሉን ለማንም አይናገርም፤ ሲያረጅ ለመረጠው አንድ ልጅ ብቻ ያወርሳል። ደብተራው የመድኃኒት መጽሐፉን በማኅደር ይዘጋል፤ ለታካሚው የሚሰጠው የተጻፈና በቆዳ የተሰፋ ክታብ ነው። ታካሚው ክታቡን አንገቱ ላይ ያስራል እንጂ ከፍቶ አያነበውም። ስለዚህ በድሮው ሥርዓት ሁለት ዓይነት ቃል ነበር ማለት ይቻላል። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ የሚናገረው ቃል የአዋቂው ምሥጢር ነው። ታማሚው ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ የሚናገረው ቃል ግን የሁሉም ነው።

ዘመናዊ ሕክምና ሲመጣ ይህ ነገር ተገለባበጠ። መድኃኒቱ በካርቶን ላይ ስሙ ተጽፎበት የሚታይ ሆነ። የአወሳሰዱ ምክር ግን በሰው ቋንቋ ስለመጣ የተሰወረው እሱ ሆነ።

ሐኪሙና አስተርጓሚው

ከዓድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ መጥተው ቁስለኞችን ያክሙ ነበር። በ1902 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። በእኛም በኩል የአድቬንቲስት ሚሲዮን በደብረ ታቦር ሕክምና ይሰጥ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው። ታማሚው ሕመሙን ለአስተርጓሚ ይናገራል፤ አስተርጓሚው ለሐኪሙ ያደርሳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። በመካከል የሚወድቀው ብዙ ነው። ሴት ታማሚ በአስተርጓሚ ፊት ስለ ማኅፀኗ እንዴት አድርጋ እንደምትናገር ማሰብ ብቻ ይበቃል።

የዚህን ችግር ክብደት ከማንም በላይ የሚያሳየን የአንድ ጎንደሬ ሐኪም ታሪክ ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ ገና ሕፃን ነበሩ። እንግሊዞች ወስደው ሕንድ አሳደጓቸው፤ ሕክምናም በዚያው ተማሩ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም እሳቸው ናቸው። ከዓድዋ ድል በኋላ አገራቸው ሲገቡ ዘመዶቻቸውን አገኙ፤ አማርኛውን ግን እንደገና መማር ነበረባቸው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሳይቀር ለገዛ ወገኑ ስለ መድኃኒቱ ለማስረዳት ቋንቋ መማር አስፈልጎታል። ሕክምና ማወቅና ሕክምናን ለታካሚ መናገር መቻል ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

የጎንደሩ ኮሌጅ

ለእኛ አካባቢ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ነው። ኮሌጁ የተመሠረተው በመንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ ዕርዳታ ነው። ዓላማው ለከተማ ሆስፒታል የሚሆኑ ዶክተሮችን ማውጣት አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ጤና ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ላይ ሠልጥነው፣ አንድ ላይ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ነበር። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ ሌላው ስለ ውሃና ስለ መጸዳጃ ያስተምራል። ማስተማር ከሕክምና እኩል የሥራው ክፍል ሆኖ በመዋቅር ውስጥ የገባው ያኔ ነው።

ይህ ለምን እንዳስፈለገ ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 መጀመሪያ ወባ ወትሮ በማይደርስበት ደጋና ወይና ደጋ ሳይቀር ወረርሽኝ ተነሣ። በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ተገምቷል። የቆላ ሰው ወባን ያውቃል፤ ስለዚህ ይጠነቀቃል። የደጋው ሰው ግን በሽታውን አያውቀውም፤ በሰውነቱም የመቋቋም አቅም አልነበረውም። ምልክቱን የሚነግረው፣ መቼ ወደ ሐኪም መሄድ እንዳለበት የሚያስረዳው ሰው በብዙ ቦታ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ጤና ጣቢያዎች እየበዙ ሲሄዱ ብዙዎቻችን የምናውቀው ልማድ ተተከለ። ጠዋት ተራ የሚጠብቀው ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነርሷ ወጥታ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ጡት ማጥባት ታስተምራለች። ጥሩ ልማድ ነው፤ ብዙ እናቶች ስለ ክትባት መጀመሪያ የሰሙት እዚያ አግዳሚ ላይ ነው። ችግሩ ትምህርቱ ለሁሉም የሚሰጥ እንጂ ለአንዷ ታካሚ ሕመም የሚሰጥ አለመሆኑ ነው። ልጇ እያለቀሰባት፣ ተራዋ እንዳያልፋት እየሰጋች የምትሰማ ሴት ከሰማችው የምትይዘው ጥቂቱን ነው። «ተምራለች» ተብሎ ግን በመዝገብ ይጻፋል።

ከክታብ ወደ ክትባት

ክታብና ክትባት ከአንድ ቃል የወጡ ናቸው። ሁለቱም «ከተበ» ከሚለው፣ ጻፈ ወይም ነቀሰ ከሚል ትርጉም የመጡ ናቸው። ዘመናዊ ክትባት ከመምጣቱ በፊት አባቶቻችን ፈንጣጣን በራሳቸው መንገድ ይከትቡ ነበር። ከታመመው ሰው ቁስል ወስደው በጤነኛው ክንድ ላይ በጭረት ያስገቡታል። አንዳንዱ በቀላሉ ታሞ ይድናል፤ አንዳንዱ ይሞታል፤ ከአንዳንዱም በሽታው ወደ ጎረቤት ይዛመታል።

የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በጥር 1963 ዓ.ም. በአገራችን ሲጀመር ሠራተኞቹ ያጋጠማቸው ሕዝብ ስለ ክትባት ምንም የማያውቅ ሕዝብ አልነበረም። የራሱ ክትባት ያለው ሕዝብ ነበር። ስለዚህ «ክትባት ጥሩ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ አዲሱ ከአሮጌው በምን እንደሚለይ ማስረዳት ግድ ነበር። ሠራተኞቹ ከያዟቸው መሣሪያዎች አንዱ ፈንጣጣ የወጣበትን ሕፃን ፊት የሚያሳይ ትንሽ የሥዕል ካርድ ነው። በገበያና በትምህርት ቤት እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ካርዱ ለመንገር ብቻ ሳይሆን ለመጠየቅም የተሠራ ነው። ማንበብ የማይችል ገበያተኛ፣ ልጅም ቢሆን፣ መልስ ሊሰጥበት ይችላል። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የመጨረሻው የኢትዮጵያ ታማሚ ኦጋዴን ውስጥ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ ፈንጣጣ ከአገራችን ጠፋ።

ታካሚዎች አስተማሪ ሲሆኑ

ስለ ሴቶች ስናወራ የፊስቱላን ታሪክ መዝለል አይቻልም። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ምጥ ለቀናት ቆይቶባቸው ሽንት መቆጣጠር ያቃታቸው፣ ከባልና ከጎረቤት የተገለሉ ሴቶችን ሲያዩ ሕይወታቸውን ለዚህ ሰጡ። በ1967 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ተከፈተ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ማዕከል ሲቋቋም፣ የደቡብ ጎንደር ሴቶች አዲስ አበባ ድረስ ሳይሄዱ የሚታከሙበት ዕድል ተፈጠረ።

የዚህ ሆስፒታል ልዩ ነገር ቀዶ ሕክምናው ብቻ አልነበረም። ከዳኑት ሴቶች አንዳንዶቹ እዚያው ቀርተው ረዳት ነርስ ሆኑ። አዲስ የመጣችው ሴት ስታለቅስ፣ አልጋዋ አጠገብ የምትቀመጠው ያንኑ ሕመም ያየች ሴት ናት። ውሃ በብዛት ጠጪ፣ ቱቦው እንዳይታጠፍ ተጠንቀቂ፣ ለተወሰኑ ወራት ከባልሽ ተለዪ፣ ቀጣዩን ልጅ ስትፀንሺ ወደ ሆስፒታል ሄደሽ ውለጂ ትላታለች። ይህን ምክር ከማያውቁት ሰው መስማትና «እኔም እንዳንቺ ነበርሁ» ከምትል ሴት መስማት አንድ አይደለም።

ከእነዚህ ሴቶች ስማቸው በዓለም የታወቀው ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ገና ወጣት ሳሉ ታክመው ከዳኑ በኋላ ሥራውን እያገዙ፣ እያዩ ተምረው፣ የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና እስከ መሥራትና ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን ደረሱ። ያ ሁሉ ሲሆን የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው የመጡ ሴት አልነበሩም።

ተመሳሳይ ነገር በኤችአይቪ ሕክምና ታየ። በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ከባዱ ጥያቄ ዕድሜ ልክ፣ በየቀኑ፣ ሳያቋርጡ እንዴት ይወሰዳል የሚለው ነበር። ሆስፒታሎች ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎችን በአማካሪነት አሠማሩ። እናቶችም ነፍሰ ጡር እናቶችን የሚመክሩበት የእናቶች ድጋፍ ቡድን በየጤና ጣቢያው ተቋቋመ። ጠበል የጀመሩ ብዙዎች መድኃኒቱን ሲያቆሙ ደግሞ መልስ የሰጠው ሐኪም ብቻ አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና እንደማይቃረኑ በይፋ ተናገሩ። ሐኪሙ አንድ ዓመት ሲያስረዳ ያልተቀበለ ሰው ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር መውሰድ ይችላል። ቃሉን ማን ተናገረው የሚለው ከቃሉ እኩል ይመዝናል።

በር ለበር

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በየቀበሌው ሁለት፣ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁና አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች ተመደቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው በአገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ ሆነ። ሥዕል ያለው የቤተሰብ ጤና ካርድ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ምክሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደምታስታምመው ሴት ጓዳ ድረስ ሄደ። በ1992 ዓ.ም. በአገሪቱ በጤና ተቋም የምትወልድ ሴት ከ100 አምስት ብቻ ነበረች። በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደርሷል። መንገዱም፣ አምቡላንሱም፣ ጤና ጣቢያውም ድርሻ አለው። ነገር ግን «እዚያ ሂጂ» ብላ እማወራዋን ያሳመነቻት ብዙ ጊዜ ያቺው የቀበሌዋ ልጅ ናት።

የእኛው ወረዳ ደራም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። በ1990ዎቹ ዓመታት ትራኮማን ለመከላከል ሥራ ቀድሞ ከተጀመረባቸው የክልላችን ወረዳዎች መካከል ደራ፣ እስቴና እብናት ይገኙበታል። የተገለበጠ የዐይን ፀጉር በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፣ መድኃኒት ይሰጣል፣ ፊት መታጠብና መጸዳጃ ቤት መሥራት ይመከራል። እናቶቻችን ወረንጦ ይዘው የዐይን ፀጉራቸውን ይነቅሉ የነበሩት ሕክምና እንዳለ የሚነግራቸው ስላልነበረ ነው።

በዚያው ሥራ በ1996 ዓ.ም. ገደማ በክልላችን የሆነው ነገር ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። በመጀመሪያው ዓመት 10 ሺህ መጸዳጃ ቤት ለማሠራት ታቅዶ ወደ 90 ሺህ የሚጠጋ ተሠራ። ከጀርባው የነበሩት በዋናነት ሴቶች ናቸው። ቀን ወደ ሜዳ መውጣት ነውር ስለሆነባቸው እስኪመሽ ድረስ ራሳቸውን ይዘው የሚውሉት እነሱ ነበሩ። መልእክቱ ስለ ዝንብና ስለ ዐይን ሕመም ነበር፤ እነሱ የሰሙት ግን ለራሳቸው ችግር መልስ እንደሆነ ነው። ምክር ሥር የሚሰድደው የሰሚውን ችግር ሲነካ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ከባንግላዴሽ የምንማረው

እኔ በሙያዬ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በሒሳብ ሥራ ገንዘብ ወጣ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ተቀባዩ መቀበሉን የሚያረጋግጥ ፊርማ ከሌለ ሒሳቡ አይዘጋም። ስለ ጤና ትምህርት ሳነብ በዚህ ዓይን የሠራ አንድ ድርጅት ማግኘቴ አስደስቶኛል።

እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 በባንግላዴሽ ብራክ የተባለው ድርጅት ሴት ሠራተኞችን ቤት ለቤት እያሠማራ፣ ልጅ ሲያስቀምጠው የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ውሃ አዘገጃጀት ለእናቶች አስተማረ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ ደረሰ። የሚያስደንቀው የደመወዙ አከፋፈል ነው። ሠራተኛዋ ስንት ቤት እንደገባች ብቻ አይቆጠርም። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ሰው ከጎበኘቻቸው ቤቶች ጥቂቱን መርጦ ይሄዳል፤ እናቲቱን ምን እንደተማረች ይጠይቃታል፣ ውሃውንም አዘጋጅታ እንድታሳይ ያደርጋል። የሠራተኛዋ ክፍያ እናቲቱ ባስታወሰችው ልክ ነው። ስለዚህ አስተማሪዋ ብዙ ከመናገር ይልቅ እናቲቱ እንድትደግም፣ በገዛ ዕቃዋ እንድትለካ ማድረግን ተማረች።

በእኛም ቤት ይኸው ያስፈልጋል። ሕይወት አድን የሚባለው ዱቄት አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይበጠበጣል። ግን በጓዳችን ሊትር የሚባል ዕቃ የለም። «ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሙሉ» ከተባለች ማንም እናት አትሳሳትም። ውሃው ካነሰ ጨውነቱ ልጁን ይጎዳዋል፤ ከበዛ ደግሞ አይረዳውም።

የመድኃኒት መስኮቱ

የቅርቡ ታሪክ የሚካሄደው በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ነው። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በክልላችን በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አዲስ የመድኃኒት አሠራር ተጀመረ። የመድኃኒት ግብይቱ ኦዲት እንዲደረግ ተብሎ የሒሳብ ባለሙያ ጭምር የተመደበበት አሠራር ነው፤ ኋላም ወደ ሌሎች የአገሪቱ ሆስፒታሎች ተስፋፍቷል። የእኔ ሙያ ሰዎች ሆስፒታል ገብተው ኪኒን ሲቆጥሩ ማየት ደስ ይላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የተጠበቀው ገንዘብ ብቻ አለመሆኑ ነው። ማዘዣውን የሚመረምር፣ ገንዘብ የሚቀበል፣ መድኃኒቱን የሚያስረክብና አወሳሰዱን የሚያስረዳ ሰው ሥራቸው ተለይቶ ተቀመጠ። ማስረዳት የአንድ ሰው ግልጽ ኃላፊነት ሆነ።

ሕጉም ታካሚው እንዲነገረው ይፈልጋል። ደንብ ቁጥር 299/2006 ታካሚ ስለሚደረግለት ሕክምና ተረድቶ እንዲፈቅድ ያዛል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው የጤናው ዘርፍ ዕቅድም ባለሙያው ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ እንዲሆን ግብ አድርጎ ይዟል። ስለዚህ ስንጠይቅ የምንለምነው ውለታ አይደለም፤ የተሰጠን መብት ነው። ባለሙያዎቹም በብዙ ታካሚ ተጨናንቀው እንደሚሠሩ መርሳት የለብንም። አጭርና ግልጽ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ታካሚ ለእነሱም ሥራ ያቀልላቸዋል።

መስኮቱ ላይ የሚነገረው ቃል በእኛ አነጋገር ሲገባ እንዴት እንደሚጣመም ሁለት ምሳሌ ልስጥ። «በየ8 ሰዓቱ» ሲባል አንዳንዱ «በ8 ሰዓት» ብሎ ይረዳና ከምሳ በኋላ አንዴ ብቻ ይውጣል። ትክክለኛው ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ማለት ነው። ሁለተኛው ጾም ነው። «በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ» የተባለች እናት እስከ 9 ሰዓት ስትጾም የጠዋቱን መድኃኒት ትዘልለዋለች። ባለሙያው ስለ ጾም አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። ለባለሙያው ብትነግረው የሚስማማ ሰዓት ሊያገኝላት ይችላል፤ ለንስሐ አባቷ ብትነግራቸውም ለታመመ ሰው ጾም እንደሚላላ ይነግሯታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ጾሙን፣ ጠበሉን፣ እርግዝናውን የደበቀም እንዲሁ መድኃኒቱ በትክክል አይሠራለትም።

የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒትም ይህን ቃል አጥብቆ ይሻል። የሳንባ ምች መድኃኒት ሲያልቅ ሕክምናውም ያልቃል። የግፊቱ ግን ኪኒኑ ሲያልቅ ሄዶ ሌላ ማምጣት ነው። ልዩነቱ ያልተነገረው ሰው ራስ ምታቱ ሲተወው «ዳንሁ» ብሎ ያቆማል። አንዳንድ ጊዜ ከዚያ በኋላ የሚሰማው አንድ ጎኑ ሽባ ሆነ ተብሎ ነው።

ማኅበራችን ምን ሊያደርግ ይችላል?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔ የያዝሁት አንድ ነገር ነው። ቃሉ የሠራው ተመልሶ ከታካሚው አፍ ሲሰማ፣ የተናገረውም ሰው የታካሚውን ኑሮ የሚያውቅ ሲሆን ነው። በኮሶ ጊዜ እንዲያ ነበር፤ በፊስቱላ ሆስፒታልም እንዲያው ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 ከመቶ ነበሩ። ስለዚህ ወረቀት ማብዛት ብቻ ከግማሽ በላይ የሆኑትን እኅቶቻችንን አይደርስም።

ለሚቀጥለው ስብሰባችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከአባሎቻችን አንዷ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ታቦር ሪፈር ስትጻፍላት ማንበብ የምትችል አጃቢ አባል አብራት ትሂድ። ደጋፊዎቻችን ሊያግዙን ከፈለጉ የአጃቢዋ የመኪና ዋጋ ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ጥቅሙ ግን በቀጥታ ይታያል።

ሁለተኛ፣ ሁላችንም አምስት ጥያቄ በቃል እንያዝ። ሕመሜ ምንድን ነው? ይህ መድኃኒት ለምኑ ነው? በስንት ሰዓት፣ ለስንት ቀን እወስደዋለሁ? ምን ልተው፣ ምን ልብላ? ምን ምልክት ካየሁ ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ ልመለስ? መልሱን ከሰማን በኋላ ለባለሙያው ራሳችን እንድገምለት፤ የተሳሳትነውን እዚያው ያርመናል።

ሦስተኛ፣ በመካከላችን በግፊት፣ በስኳርም ሆነ በሌላ ሕመም ለዓመታት መድኃኒት የሚወስዱ እናቶች አሉ። ፈቃደኛ የሆኑት በየወሩ ስብሰባ ላይ 15 ደቂቃ ወስደው እንዴት እንደለመዱት፣ በጾምና በበዓል ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ተጋብዛ ትገኝ፤ የተሳሳተ ነገር ከተነገረ ታቃናለች። በወሩ መጨረሻ የምንጽፈው ሪፖርትም «ይህን ያህል ሴት ተማረች» የሚል ብቻ አይሁን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥቂቶቹን ቤታቸው ሄደን ምን እንዳስታወሱ እንጠይቅና እሱን እንጻፍ። ያንን መዝገብ ለመያዝ እኔ ፈቃደኛ ነኝ።